ታንከር ከማውረዳችን በፊት

የዛሬውን ሥራ ከመጀመራችን በፊት ለጥቂት ደቂቃ ጆሯችሁን ስጡኝ።

የማነሳው በፈረንጆቹ ከ1990 እስከ 1996 ስለተሠሩት ባለሁለት ታንከር የቤንዚን ፎርድ ኤፍ 150 ፒክአፖች ነው። ደንበኛው «ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ጠዋት ሞተሪኖው ብዙ ካልዞረ አይነሳም» ሲለን፣ ብዙዎቻችን ወዲያው «ፓምፑ አልቋል» እንላለን። ታንከሩን አውርደን አዲስ ፓምፕ እንገጥማለን፤ መኪናው ግን በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። እኔም ይህን ስህተት ሠርቼ የአንድ የቤተሰብ ኃላፊን ገንዘብ አባክኛለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በእነዚህ መኪኖች ላይ እያንዳንዱ ታንከር የራሱ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለው። ሹፌሩ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ማብሪያ ሲቀይር አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያርፋል። ፊልትሮው፣ ሬጉሌተሩ፣ የፓምፑ ሪሌይና መኪናው ሲጋጭ ነዳጅ የሚቆርጠው ማብሪያ ግን የጋራ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ታንከሮች ሁለት ምስክሮች ናቸው። አንዱን ብቻ ሰምተን አንፍረድ።

የግፊት መለኪያውን ኢንጀክተሮቹ ከተሰለፉበት ቧንቧ ላይ ባለችው መፈተሻ ቫልቭ ላይ እሰሩ። ቁልፉን ስትከፍቱ ፓምፑ ለአንድ ሰከንድ ያህል ሠርቶ ይቆማል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙት። ሞተሩ ሳይነሳ በ5.0 እና በ5.8 ሊትር ሞተሮች ከ35 እስከ 45 ፒኤስአይ፣ በ4.9 ሊትር ደግሞ ከ50 እስከ 60 ፒኤስአይ ማየት አለባችሁ። ከዚያ ማብሪያዋን ወደ ሌላው ታንከር ቀይራችሁ እንደገና ለኩ።

ሁለቱም ዝቅ ካሉ ታንከር አትንኩ፤ ከጋራ ዕቃዎቹ ጀምሩ። ፊልትሮውን ቀይሩ። የሬጉሌተሩን የቫኪዩም ቱቦ ንቀሉ፤ ውስጡ ቤንዚን ካለ የሬጉሌተሩ ዲያፍራም ተቀዷል።

አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ ረዳታችሁ ቁልፉን ሲከፍት በዚያ ፓምፕ ሶኬት ላይ ኤሌክትሪክ መድረሱን ለኩ። ካልደረሰ ጥፋቱ የማብሪያዋ ወይም የሽቦው ነው። ከደረሰ ደግሞ የፓምፑን አሉታዊ ሽቦ አረጋግጡ፤ ታንከር ማውረድ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ብዙዎቻችንን ወደሚያሳስተው ልምጣ። በእያንዳንዱ ታንከር ውስጥ ነዳጅ ወደ ኋላ እንዳይገባ የሚከለክሉ ቫልቮች አሉ። ያረፈው ታንከር ቫልቭ ካረጀ፣ የሚሠራው ፓምፕ የገፋውን ቤንዚን ያ ታንከር ይጠጣዋል። ግፊቱ ይወርዳል፣ ጥፋተኛ የሚመስለውም ጤነኛው ፓምፕ ነው። የዳሽቦርዱ መለኪያ የተመረጠውን ታንከር ብቻ ስለሚያሳይ ሹፌሩ አያስተውልም። ስለዚህ «ያልነካኸው ታንከር ሞልቶ አግኝተኸው ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አዎ ካለ የሚፈተሸው የሚሞላው ታንከር ነው። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ታንከሩ ከአፉ ሞልቶ ከፈሰሰ እሳት ነው።

ስለ እሳት ካነሳሁ፦ የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወርዶ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። የነዳጅ መስመር በጉድጓድ ላይ አትፍቱ። የባትሪውን አሉታዊ ገመድ ንቀሉ፣ ግፊቱን በጨርቅ ሸፍናችሁ አስተንፍሱ፣ የእሳት ማጥፊያውን አጠገባችሁ አድርጉ። ቤንዚን በአፋችሁ ስባችሁ አትቅዱ፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ ሊገድል ይችላል።

ልመናዬ አንድ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በሥራ ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይጻፉ፦ የፊተኛው ታንከር ግፊትና የኋለኛው ታንከር ግፊት። ሁለቱ ቁጥሮች ሳይጻፉ ማንም ሰው የታንከር ብሎን አይፍታ።