ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚጻፍ ልብ ወለድ

(በዲላ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



የዝግጅቱ ኮሚቴ «ከሙያችን ወጣ ባለ ጉዳይ ላይ ተናገር» ብሎ ሲያዘኝ፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቁትንና አንዳንዶቻችሁም የምትቀልዱበትን ነገር መረጥሁ። ይኸውም በመሥሪያ ቤት ተቀጥሮ እየሠራ ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚታገል ሰው እንዴት እንደሚውልና ከምን ጋር እንደሚታገል፣ ከፊልምም ምን እንደሚማርና ከምን መጠንቀቅ እንዳለበት ነው። እስከ ዛሬ አንድም መጽሐፍ ያላሳተምሁ ስለሆንሁ የምናገረው በጀማሪነት ነው።

ድርሰት ሥራ የሌለው ሰው ሥራ ነው የሚል አስተሳሰብ በመካከላችን አለ። የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ግን ይህን አይመሰክርም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ለአንባቢ ያቀረቡት ለረጅም ዘመን በዲፕሎማትነትና በልዩ ልዩ የመንግሥት ሹመት ሲያገለግሉ ቆይተው ነው። በዓሉ ግርማም ጋዜጠኛና የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር፤ በ1975 ዓ.ም. የታተመው «ኦሮማይ» የተቀዳው በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አሥመራ ላይ ከሠራው ከራሱ ሥራ ነው። የከፈለውን ዋጋ ሁላችንም እናውቃለን፤ መጽሐፉ ታገደ፣ እርሱም ከሥራው ተሰናበተ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ።

ከእኛው ሙያ ምሳሌ አምጣ ብትሉኝ ዶስቶዬቭስኪ ከወታደራዊ መሐንዲሶች ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ነው። ነገር ግን ሙያውን ቶሎ ስለ ተወው ለዛሬው ነገሬ ብዙ አይረዳኝም። አንድሬይ ፕላቶኖቭ ይሻለኛል። ፕላቶኖቭ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሩሲያ በቮሮኔዥ አገር ረግረግ ሲያደርቅ፣ የውኃ ጉድጓድ ሲያስቆፍርና ለገጠር መንደሮች ኤሌክትሪክ ሲያስገባ የኖረ መሐንዲስ ነው። ከልብ ወለዶቹ በአንዱ ሠራተኞች ለታላቅ ሕንጻ መሠረት ይቆፍራሉ፤ ጉድጓዱ እየሰፋና እየጠለቀ ይሄዳል፣ ሕንጻው ግን አይሠራም። ይህን ሊጽፍ የሚችል፣ መሠረት ሲቆፈር ቆሞ ያየ ሰው ብቻ ይመስለኛል። (እንዲህ ዓይነቱን ጉድጓድ ከእኛ መካከል ያላየ ካለ እጁን ያውጣ።)

ወደ ውሎዬ ልመለስ። የምነሣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴና የመስጊዱ አዛን ተከታትለው ከሚሰሙበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ጧቱ 1 ሰዓት ያለው ጊዜ የእኔ ነው። ከዚያ በኋላ የመሥሪያ ቤቴ ነኝ። አንድ ቀን ወደ ወናጎ፣ አንድ ቀን ወደ ይርጋ ጨፌ እወርዳለሁ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ደግሞ የቀን ሠራተኛው አካፋውን አስቀምጦ ወደ ቡና ለቀማ ስለሚሄድ፣ አርማታ የሚሞላ ሰው ፍለጋ መንደር ለመንደር እዞራለሁ። ይህ ፍለጋ ለሥራው ጉዳት ቢሆንም ለድርሰቱ ጠቅሞኛል፤ በየጓሮው ስገባ ሰው ምን እንደሚያወራ እሰማለሁና።

ማታ ለመጻፍ ሞክሬ ትቼዋለሁ። የመብራት መጥፋት አንድ ምክንያት ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ሪፖርት ስጽፍ ስለምውል፣ ማታ የምጽፈው ሁሉ የሪፖርት ቃና ይይዝብኛል። የሪፖርት አማርኛ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያሻም። «ቁፋሮው ተከናውኗል»፣ «አርማታው ተሞልቷል»፣ «ጉድለቱ እንዲስተካከል ተደርጓል» እንላለን። ማን ቆፈረ? ማን ሞላ? ጉድለቱስ የማን ነበር? ዐረፍተ ነገሩ ባለቤት የለውም። በእርግጥ ለሥራችን የሚያመችበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ክፍያ በዘገየና ጣት መቀሳሰር በተጀመረ ጊዜ ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር ብዙ ሰው ያድናል። ልብ ወለድ ግን ያለ አድራጊ አንድ እርምጃ አይሄድም። በሩን የዘጋው ሰው ስም ሊኖረው፣ ለምን እንደ ዘጋውም ሊታወቅ ይገባል።

ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ ነበር። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ የሆነውን ከዚህ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። በሁለቱ ዞኖች ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀየው ወጣ። በየሪፖርቱ የተጻፈው ቃል «ተፈናቅለዋል» የሚል ነበር። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ እህል ለማደልና ድንኳን ለመቁጠር ያገለግላል። ግን በውስጡ ሰው አይታይም።

በዚያ ክረምት፣ ግንባታው ባላለቀ አንድ ሕንጻ ውስጥ የተጠለሉ ሰዎችን ሁኔታ እንዲያዩ ከተላኩት ባለሙያዎች አንዱ ነበርሁ። ሥራዬ ደረጃው መደገፊያ እንደሌለው፣ ዝናቡ በየት በኩል እንደሚገባ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ የት ሊቆፈር እንደሚችል መመዝገብ ነበር። ሰዎቹ ወለሉን ተከፋፍለውታል፤ ድንበራቸው እኛ ያቆምናቸው ምሰሶዎች ነበሩ። ከምሰሶ እስከ ምሰሶ አንድ ቤተሰብ፣ አንዳንድ ቦታም ሁለት። ከአንዱ ምሰሶ ወጥቶ በቀረ ፌሮ ላይ አንዲት እናት የጓጉንቸር ቁልፍ በክር አንጠልጥለዋል። የምን ቁልፍ እንደሆነ ብጠይቃቸው «የቤቴ ነው ልጄ» አሉኝ። ቤቱ ይቁም ይቃጠል አያውቁም ነበር። ይዤው በሄድሁት ቅጽ ላይ ቁልፉ የሚገባበት ረድፍ አልነበረም። እነሆ አራት ዓመት ሙሉ በየሌሊቱ የምጽፈው የዚያን ቁልፍ ነገር ነው።

ከዚህ ላይ ፊልም ይመጣል። የእኔ ዕድሜ ሰው ታሪክ አተራረክን የተማረው ከመጽሐፍ ይልቅ ከቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፤ የሕንድ ፊልም፣ የካራቴ ፊልም፣ በኋላም የአዲስ አበባው የፍቅርና የቀልድ ፊልም። እነዚህ ለዛ የላቸውም ልል አልፈልግም። ነገር ግን አንድ ልማድ አስይዘውናል፤ ታሪክ በጩኸት መጀመር አለበት የሚል ልማድ። እኔም የመጀመሪያውን ምዕራፍ በእሳት ልጀምር አስቤ ነበር፤ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሲሮጥ። ሳስበው ግን አንባቢው የማያውቀው ቤት ቢቃጠል ምን ይሰማዋል? ጭስ ብቻ ነው የሚያየው።

ከዚህ ሐሳብ ያወጣኝ ራሱ ፊልም ነው። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺሕ ዓመት» የተሰኘውን ሥራውን የቀረፀው በ1966 ዓ.ም.፣ ንጉሣዊው ሥርዓት በሚንኮታኮትበት ወቅት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። በሁለት ሳምንት የተቀረፀው ፊልም ግን የሚታየው ያለ አንዳች ችኮላ ነው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ገባሩ ሲያርስ፣ ልጆቹ ከብት ሲጠብቁ ሥራው የሚወስደውን ጊዜ ያህል እንድንቀመጥ ያስገድደናል። በመጀመሪያ ሳየው አንቀላፍቼ ነበር ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ ሆኖም በሁለተኛው ጊዜ የባለርስቱን ግፍ የማየው በማሳው ላይ የዋለውን ጉልበት ካየሁ በኋላ ስለሆነ እንደሚከብድ ተረዳሁ።

የዚሁ ሰው «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ያገኘው ነው። በእርሱ ውስጥ ከጀርመን የተመለሰው አንበርብር ያለፈውን የሚያስታውሰው ተሰባብሮ፣ እንደ ሕልም ነው። ብዙ ጓደኞቼ ይህን ከሁሉ ያበልጡታል። በበኩሌ ቆፍጣናውን የቀድሞውን እመርጣለሁ፤ በ«ጤዛ» አንዳንዱ ንግግር ለሰውየው ሳይሆን ለእኛ ለተመልካቾች የተነገረ ይመስለኛል። ስለ መንደሩ፣ ከግዳጅ ምልመላ ሸሽተው በዋሻ ስለሚደበቁት ልጆች የሚያሳየው ክፍል ግን ከአእምሮዬ አይጠፋም። በ2007 ዓ.ም. ካን ላይ የታየው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ደግሞ ለእኔ ጉዳይ ይበልጥ የቀረበ ነው። የእናት ሞትንና ድርቅን የሚያክል ነገር አንድ ልጅ ስለ በጉ በሚጨነቀው ጭንቀት ውስጥ ገብቶ ይነገራል። በግ በዚያን ያህል ከበቃ፣ ቁልፍስ?

ስለዚህ ልብ ወለዱን ከመፈናቀሉ ብዙ ዓመት አስቀድሜ ጀመርሁ። ሐዲስ ዓለማየሁም ቢሆኑ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር ከመናገራቸው በፊት የበዛብህን አባትና እናት፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን፣ እንዴት እንደ ተጋቡና ልጃቸውን እንዴት እንደ ተሳሉት ይተርካሉ። እኔም የሴትዮዋን ጓሮ ተከልሁ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተወደሰው ያ እንሰትን፣ ቡናንና ዛፍን በአንድ መሬት የማሳደር ጥበብ በልብ ወለዱ ውስጥ የዕለት ሥራ ነው። ሴትዮዋ እንሰት ይፍቃሉ፣ በጉድጓድ ይቀብራሉ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር ቡና ይለቅማሉ። የእንሰት ጉድጓድ የሚከፈትበትን ቀን ጠብቆ መኖር ምን እንደሆነ አንባቢው ካወቀ፣ ያንን ጉድጓድ ሳይከፍቱ መሄድ ምን እንደሆነ እኔ ማብራራት አይኖርብኝም።

ሁለተኛው ችግር ቋንቋ ነው። የእኔ ሰዎች በቤታቸው የሚናገሩት ጌዴኡፋ ነው፤ የምጽፈው በአማርኛ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ የውጭ አገር ድራማ በአማርኛ ድምፅ መስማት ለምደናል። ለተመልካች መልካም መዝናኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያ አማርኛ በሌላ አገር ሰው ከንፈር ልክ የተቆረጠ ነው። የወጣት ጸሐፊዎችን ረቂቅ ሳነብ ባልና ሚስት ሲጣሉ በቱርክ ድራማ አማርኛ ሲጣሉ አያለሁ። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ባሳተሙት «አደፍርስ» የሰሜን ሸዋን ባላገር አነጋገር እንዳለ አስገብተው ሲጽፉ አንባቢን አስቸግረዋል፤ ሆኖም ገጸ ባሕርያቱ ሲናገሩ የት አገር እንደ ቆሙ ይታወቃል። እኔ ያንን ማድረግ አልችልም፤ አማርኛው የሴትዮዋ አይደለምና። ያደረግሁት ሌላ ነው። ንግግሩን አስቀድሜ በጌዴኡፋ ጮክ ብዬ እለዋለሁ፤ ሽማግሌዎች በሶንጎ ሲሸመግሉ ነገሩን አዙረው፣ ቀጥታ ሳይናገሩ እንደሚያመጡት ሁሉ፣ አማርኛውም ያንኑ ዙሪያ እንዲሄድ እጥራለሁ። አንድ ገጽ ሦስት ሌሊት የሚፈጅብኝ በዚህ ምክንያት ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉ የከበደው ነው። የዚህ ታሪክ ሰዎች በሕይወት ያሉና ጎረቤታሞች ናቸው። ጌዴኦና ጉጂ ለዘመናት ተጋብተዋል፣ ተገበያይተዋል፤ ከግጭቱም በኋላ የሁለቱም ወገን አባቶች ጎንዶሮ በተባለው የዕርቅ ሥርዓት ሰላም ለማውረድ ተቀምጠዋል። ታዲያ አድራጊ የሌለው ዐረፍተ ነገር አልጽፍም ካልሁ፣ አድራጊውን ማን አደርገዋለሁ? አንዱን ወገን አድራጊ ሌላውን ተደራጊ አድርጎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ሪፖርቱ ከደበቀው ሰው ይልቅ ግን ያ የባሰ ውሸት ይሆናል። እንደገና ወደ «ተፈናቅለዋል» መመለስም አልፈልግም።

ረቂቁን አሳትማለሁ አላሳትምም ገና አልወሰንሁም። የወረቀት ዋጋ የት እንደ ደረሰ ታውቃላችሁ፣ ወጪውም በአብዛኛው በደራሲው ራስ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ሰዎች እንዲያነቡት ሰጠሁ። አንደኛው የዚሁ አገር ልጅ የሆነ መምህር ሲሆን የእንሰቱን አፋፋቅ አርሞልኛል። ሁለተኛው በቅየሳ ሥራ ለረጅም ጊዜ አብሮኝ የሠራ የጉጂ ተወላጅ ነው። እርሱ ረቂቁን አንድ ወር አቆይቶ መለሰልኝ፤ ሴትዮዋ በሌሊት ሲወጡ ጎረቤታቸው የሆነው የጉጂ ሰው በሩን ዘግቶ ቤቱ ውስጥ የሚቀመጥበትን ገጽ አጥፎ፣ በእርሳስ አንድ ጥያቄ ጽፎበታል፦ «ይህ ሰው በሩን ሲዘጋ ከውስጥ ማን ነበረው? ልጆቹን ነው ወይስ ሌላ የደበቀው ሰው አለ? ይህን ሳትነግረኝ ልፈርድበት ነው።»

አሁን የምጽፈው ያንን ምዕራፍ ነው፤ ከበሩ በስተውስጥ ያለውን።