ቀባሪ ሞልቶናል፤ ጧሪስ?

(በአዲስ አበባ በአንድ ሰፈር ዕድሮች የጋራ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በአገራችን ትልቅ ሰው ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ምርቃቱ አጭር ነው፤ ግን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ጧሪ፣ ቀጥሎ ቀባሪ። አባቶቻችን ሲመርቁ ተሳስተው አይደለም። ሰው ከመቀበሩ በፊት መጦር አለበት።

በኛ ከተማ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ቀባሪ ሞልቶናል። ጥሩምባ አንዴ ይነፋ እንጂ ድንኳኑ ወዲያው ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ለቀስተኛው ይጎርፋል። ማንም ደሃ ቢሆን ወግ ማዕረጉን አያጣም። ይህን የሚያህል ሥርዓት ያለ አንድ ሳንቲም የመንግሥት በጀት ማቆማችን ያስከብረናል። ነገር ግን ያው የተለቀሰላቸው አባት ከመሞታቸው በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ሲውሉ በራቸውን ስንቶቻችን አንኳኳን? ዛሬ ልጠይቃችሁ የመጣሁት ይህንን ነው። ቀባሪ አለን፤ ጧሪያችን ማን ነው?

እኔ ቋሚ ቢሮም ቋሚ ደመወዝም የሌለኝ፣ ጽሑፍ እየሸጥኩ የማድር ጋዜጠኛ ነኝ። ሥራዬ በሰው ሰፈር መዞር ስለሆነ ይህንን ጥያቄ ለብዙ ሰው አቅርቤዋለሁ። የሚሰጠኝ መልስ ሦስት ዓይነት ነው። «ልጆች አሉ» ይሉኛል፤ «መንግሥት አለ» ይሉኛል፤ «በጎ አድራጊ አለ» ይሉኛል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ልጅ በእርግጥ አለ። ግን የት ነው ያለው? አንዷ ቤሩት፣ አንዷ ሪያድ፣ አንዱ አሜሪካ ነው። ከተማው ውስጥ የቀረው ደግሞ ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለትራንስፖርት እንኳ አልበቃ ብሎት ከዳር ዳር ይማስናል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። የሚልከው ገንዘብ ጤፍ ይገዛ ይሆናል፤ ሌሊት ውኃ አያቀብልም፤ ሐኪም ቤት ሲኬድ ክንድ አይደግፍም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው ለዚህ ነው።

ወደ መንግሥት እንምጣ። «ጡረታ» የሚለው ቃል ራሱ «መጦር» ከሚለው የወጣ ነው። ለረጅም ዘመን ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛና የወታደር ብቻ ነበር። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተደነገገው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ሰውየው ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት ሲሞላው የወር አበል ይቆረጥለታል። መልካም ነው። ግን እስቲ እንቁጠር። በመርካቶ ዕድሜውን ሙሉ ጆንያ የተሸከመው ወዛደር ደመወዙ የት ተመዝግቧል? ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ስታወርድ ወገቧ ለተቆረጠው እናት 11 በመቶውን ማን ይክፈልላት? የሽሮ ሜዳው ሸማኔ፣ የጉልት ቸርቻሪዋ፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የሰው ልጅ ያሳደገችው፣ እነዚህ ሁሉ ሲያረጁ በየትኛው መዝገብ ይገኛሉ? ከተማዋን በጫንቃቸው ያቆሙት እነሱ ናቸው፤ ጡረታ የሚባለውን ግን በወሬ ነው የሚያውቁት። የሚያገኙትም ቢሆኑ የኑሮ ውድነት አበሉን እየበላባቸው ወር መድረስ ተስኗቸዋል።

ሕገ መንግሥቱስ? አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 አረጋውያንን አልረሳም። መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ይንከባከባቸዋል የሚል መንፈስ ያለው ቃል ተጽፏል። ያቺ «አቅም በፈቀደው ደረጃ» የምትለዋን ሐረግ ልብ ይሏል። ለሌላው ነገር ሁሉ የማይጠፋው አቅም አረጋውያን ዘንድ ሲደርስ ነው ፈቃድ የሚጠይቀው! የተባበሩት መንግሥታት በ1983 ዓ.ም. ወስኖ በየዓመቱ የአረጋውያን ቀን ይከበራል። ቀኑ ሲደርስ ንግግር ይደረጋል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ በማግስቱ ሁሉም ወደ ቤቱ።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን የተሠራውንም ልናገር። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ተጀምሯል። መሥራት የሚችለውን ደሃ በጽዳትና በአካባቢ ሥራ ሲያሰማራ፣ ጉልበት ለከዳቸው አረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። የጤና መድን አለ፤ ቤት ለቤት የሚዞሩ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ። እነዚህን ማጣጣል ነውር ነው። ነገር ግን ሁሉም የሚሠሩት በስም ዝርዝር ነው። ስማቸው ዝርዝሩ ውስጥ እንዲገባ፣ ወረዳ ሄዶ ተሰልፎ፣ ፎርም አስሞልቶ፣ ማስረጃ አጽፎ የሚመለስ ሰው ያስፈልጋል። ዓይናቸው የደከመ፣ ጉልበታቸው የማይታዘዝ አዛውንት ይህንን ብቻቸውን እንዴት ያደርጉታል? እርዳታው ቢሮ ውስጥ አለ፤ አዛውንቱ ቤታቸው ውስጥ አሉ፤ በመካከላቸው ያለውን መንገድ የሚሄድ ነው የጠፋው።

ሦስተኛው በጎ አድራጊ ነው። በስድስት ኪሎ የማዘር ትሬዛ እኅቶች ለወደቁት ደጃቸውን ከከፈቱ ብዙ ዘመን ሆኗል። አቶ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረተውን መቄዶንያን የማያውቅ የለም። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ብሎ የተነሳው ድርጅት ከየመንገዱ ስንቱን አንስቶ አጥቦ አጉርሷል! ግን መቄዶንያ የሚደርሰው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው። እያንዳንዳችን ሰፈር ውስጥ ያሉ እማማና አባባ ሁሉ ወድቀው እስኪነሱ መጠበቅ አለብን? ያልወደቀውን ሰው ቤቱ ውስጥ፣ ከለመደው ጎረቤት ጋር፣ በለመደው ቡና ማቆየት ከማንሳት ይቀላል። ሳይቃጠል በቅጠል።

እንግዲህ ልጁም፣ መንግሥቱም፣ በጎ አድራጊውም የማይደርሱበትን ቦታ እስካሁን ማን ሸፍኖት ኖረ? ሰፈሩ ነው! የቡና ጎረቤት ጠዋት በሩ ሳይከፈት ሲቀር «እትዬ ምን ሆኑ?» ብላ ታንኳኳለች። የጎረቤት ልጅ ሱቅ ይላካል። ባለሱቁ ጋሼ ያለ ሰነድ፣ በእምነት፣ በዱቤ ይሰጣል። ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ የመስጊዱ ጀመዓ የቀረውን ሰው ይጠይቃል። እናት ጓሮዋ ውስጥ አንዲት ክፍል ታከራያለች ወይም እንጀራ ጋግራ ለደንበኞቿ ትሸጣለች፤ ያችው ናት ጡረታዋ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት የሆነው የቀበሌ ቤት ጣሪያው ቢያፈስም ኪራዩ ለደሃ የሚቀመስ ነበር። ይህ ሁሉ በማንም ሪፖርት ውስጥ «የአረጋውያን አገልግሎት» ተብሎ አልተጻፈም። የከተማችን ትልቁ የአረጋውያን አገልግሎት ግን ይኸው ነው።

ለዚህም ነው ሰፈር ሲፈርስ የሚያስጨንቀኝ። ልደታ ፈረሰ፣ አራት ኪሎ ፈረሰ፤ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ፣ ቀጥሎም በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ፈረሰ። መንገዱ አምሯል፤ የእግረኛ መሄጃው ሰፍቷል፤ ሽማግሌ አረፍ የሚልበት መቀመጫም ተተክሏል። አልክድም። ግን አብሮ የሚቀመጠው ሰው ወዴት ሄደ? ከመሀል ከተማ ተነስተው ዳር የሰፈሩ አንዲት እናት አነጋግሬ ነበር። ቤቱ ከበፊቱ የተሻለ መሆኑን አልደበቁም፤ ውኃ አለው፣ ሽንት ቤት አለው። ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። «ልጄ፣ እዚህ ማንም አያውቀኝም። ብሞት እንኳ ሽታዬ ነው የሚነግራቸው» አሉኝ። እኚህ እናት ቤት አግኝተዋል፤ ያጡት ጧሪያቸውን ነው። ለፈረሰ ቤት ካሣ የሚተምን ኮሚቴ አለ። ለፈረሰ ጉርብትና ግን ተማኝ የለውም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ዕድር ራሱ የከተማ ልጅ ነው። ከየገጠሩ ወደ አዲስ አበባ የፈለሰው ሰው የሚቀብረው ዘመድ ስለራቀው ጎረቤቱን ዘመድ አደረገ፤ ዕድር ተወለደ። «ዕድር የቀብር ነው፤ አባቶቻችን ያወጡት ደንብ አይነካም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን ደንቡ ከዚህ ቀደም ተነክቷል! በ1990ዎቹ ኤች.አይ.ቪ. ከተማችንን ሲያጭድ የዕድር ካዝና በቀብር ብዛት ተራቆተ። ያኔ አንዳንድ ዕድሮች ተሰብስበው «ሲሞቱ ከምንቀብር በሕይወት ሳሉ እንርዳ» አሉ፤ ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን መጠየቅ፣ ወላጅ የሞቱባቸውን ሕፃናት መደገፍ ጀመሩ። ለበሽታ የተደረገው ለእርጅና የማይደረግበት ምክንያት ምንድነው?

የምለምናችሁ አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ መዝገባችሁን ግለጡ። ከአባሎቻችሁ መካከል ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑና ብቻቸውን የሚኖሩትን ለዩ። ጥሩምባ ነፊው እያንዳንዱን በር ያውቃል። ሞት ሊለፍፍ ብቻ ከሚዞር በሳምንት አንድ ቀን «እንዴት አደሩ?» ብሎ ይዙር።

ሁለተኛ፣ ወንበሮቻችሁን አውጡ። የዕድር ቤቱ ሰው እስኪሞት ተቆልፎ ይውላል። በሳምንት ሁለት ቀን ይከፈት። ቡና ይፈላ፤ ዳማና ገበጣ ይምጣ፤ ዕድሜ የጠገቡት ለልጆች ተረት ያውጉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤት ለቤት ከምትባዝን እዚያው መጥታ የሁሉንም ደም ግፊት ትለካለች።

ሦስተኛ፣ ትንሽ ገንዘብ። 200 አባላት ያሉት ዕድር በወር በነፍስ ወከፍ 10 ብር ቢጨምር በዓመት 24,000 ብር ይሆናል። ይህ ሰው አይጦርም፤ አውቃለሁ። ግን የታመመን ሰው በታክሲ ሐኪም ቤት ያደርሳል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ወረዳ ሄዶ ፎርም ለሚያስሞላ ወጣት የትራንስፖርት ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

አራተኛውና ዋነኛው የመሰረዝ ደንባችሁ ነው። መዋጮ ያቋረጠ አባል ከዕድር ይሰረዛል ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳያጓድሉ ከፍለው፣ የስንቱን ሬሳ ሸኝተው፣ ለስንቱ ለቀስተኛ ወጥ ሠርተው፣ አሁን አቅም አንሷቸው ስድስት ወር ቢያጓድሉ ይሰረዛሉ? ይህ ዕዳ ማስከፈል አይደለም፤ ግፍ ነው። ከዚህ ያህል ዓመት በላይ የከፈለ፣ ዕድሜው ይህን ያህል የሞላ አባል በነጻ ይቀጥላል የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ወደ ሌላ ሰፈር የተነሡትንም አትሰርዙ።

ይህን ስል መንግሥትን ከኃላፊነት ነጻ ማውጣቴ እንዳይመስላችሁ። ዕድር ጡረታ አይተካም፤ ሆስፒታልም አይሆንም። ስለዚህ በአንድ ድምፅ ልንጠይቅ ይገባል። ሰፈር መነሣት ካለበት ጎረቤት ከነጎረቤቱ፣ ዕድር ከነዕድሩ በአንድ ቦታ ይስፈር። ደረጃ መውጣት ለማይችሉ አዛውንት ምድር ቤቱ በቅድሚያ ይሰጥ። አዲስ መንደር ሲሠራ ለሱቅና ለመኪና ማቆሚያ ቦታ እንደሚተው ሁሉ ለዕድር ቤትም ቦታ ይተው። ከሁሉ በፊት ደግሞ የሚነሣው ሰው ይጠየቅ! ቤቱ ከፈረሰ በኋላ የሚጠራ የውይይት መድረክ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ይህንን አንድ አዛውንት ብቻቸውን ቢሉ ማንም አይሰማቸውም። መቶ ዕድር በአንድ ላይ ቢል ግን ይሰማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

አባቶቼና እናቶቼ፤ ዛሬ ከዚህ ስንወጣ ሌላው ሁሉ ቢቀር ያቺን የመሰረዝ ደንብ ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ አድርጋችሁ ያዙልኝ። ወጪ የላትም፤ ብዕርና አንድ መስመር ወረቀት ብቻ ነው የምትፈልገው። ከዚያ በኋላ ወንበሩ ይወጣል፣ በሩ ይንኳኳል።

ጧሪም ቀባሪም አያሳጣን።