የዝናቡ ወሬ ዝቋላም ይድረስ

የ1977ቱ ረሃብ ዋግን ጨምሮ ብዙ ወገን ከፈጀ በኋላ፣ በ1978 ዓ.ም. ስድስት ጎረቤት አገሮች ድርቅን በአንድነት ለመቋቋም ጅቡቲ ላይ ማኅበር አቆሙ። ዛሬ ኢጋድ የምንለው ነው። ስሙ የሚነሣው በሰላም ድርድር ነው፤ እኛን ይበልጥ የሚነካን ግን ናይሮቢ ያለው የአየር ንብረት ማዕከሉ ነው። የየአገሩ ባለሙያዎች ከዝናብ ወቅት አስቀድመው ተሰብስበው የመጪዎቹን ወራት ዝናብ ይተነብያሉ። ዮሴፍም ለፈርዖን እንዲሁ አስቀድሞ ነገረው፤ ዮሴፍ ግን ጎተራም ሞልቷል።

የዝቋላ ገበሬ ማሽላውን የሚዘራው ዛሬም ሰማይ አይቶ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ሲቀር ከብቱ አለቀ። ትንበያው በአማርኛና በኽምጣና ቋንቋ በገበያ ቀን እንዲነገር፣ ቶሎ የሚደርስ ዘርም ከሰኔ በፊት እንዲገባ እርዱን።