ደረሰኙ ከፈቃዱ በኋላ ይሁን
(ደብሊን በተደረገው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ጸሐፊያችን «በአየርላንድ ትንንሽ ንግዶች ስለሚያገኙት የቴክኖሎጂ ድጋፍ ተናገሪልን» ስትለኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያመለጠኝ 900 ዩሮ ነው። ከእሱ ልጀምር።

በርበሬና ሽሮ መሸጥ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው «አሁን 1,800 ዩሮ ክፈዪ፣ ግማሹን መንግሥት ይመልስልሻል» አለኝ። ከፈልኩ። ደረሰኜን ይዤ ስሄድ ግን ድጋፉ አስቀድሞ ለተፈቀደ ወጪ ብቻ መሆኑን ሰማሁ። እኔ ከፍዬ ጨርሻለሁ። ሰውየው ስልኩን አላነሳም፤ እኔም ሳልጠይቅ የከፈልኩ ነኝና ማንን ልወቅስ? ያን ቀን እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የሄድኩት።

እንግዲህ በሩ የት ነው? ሎካል ኢንተርፕራይዝ ኦፊስ የሚባለው በመላ አገሪቱ 31 ቢሮ አለው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ በየአካባቢው አስተዳደር ሥር ይሠራል። ደብሊን ውስጥ ብቻ አራት አሉ። የምትሄጂበት ቢሮ የሚወሰነው ንግድሽ ባለበት ቦታ ነው፤ ታላ የምትሠራ ወደ ሳውዝ ደብሊን፣ ብላንቻርድስታውን የምትሠራ ወደ ፊንጋል ትሄዳለች። መጀመሪያ ገንዘብ አትጠይቁ። «ዲጂታል ፎር ቢዝነስ» የሚባለውን ጠይቁ፤ ባለሙያ መድበው ንግድሽ ምን ዓይነት ሶፍትዌር እንደሚያስፈልገው ያለ ክፍያ ያጠናልሻል። ከዚያ በኋላ ነው «ግሮው ዲጂታል ቫውቸር» የሚመጣው። ይህ የወጪውን ግማሽ፣ እስከ 5,000 ዩሮ ድረስ ይሸፍናል።

ሁለተኛው የኢንተርፕራይዝ አየርላንድ «ኢኖቬሽን ቫውቸር» ነው። እኔ ይህን ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ፤ እኛ ሴቶች ግን እምብዛም አንጠይቀውም። ገንዘቡ በእጅሽ አይገባም። ጥያቄ ይዘሽ ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ተቋም ትሄጃለሽ፣ ቫውቸሩ የእነሱን ሥራ ይከፍላል። ማሽን አይገዛም፣ ተራ ሥልጠናም አይሸፍንም። የሚሰጠውም ለተመዘገበ ሊሚትድ ኩባንያ ነው፤ በግል ስማችሁ ብቻ የምትነግዱ ይህን ልብ በሉ።

«እኔ ምን የምርምር ጥያቄ አለኝ?» የምትል እህት እዚህ እንዳለች አውቃለሁ። እንጀራ ጋግረሽ ለሱቅ ታቀርቢያለሽ? እንጀራሽ በፕላስቲኩ ውስጥ በስንተኛው ቀን ይሻግታል? ባለሱቁ የመለሰልሽን እሽግ ወደ ቆሻሻ ስትጥይ ስንት ዩሮ ጣልሽ? ጥያቄው እሱ ነው። ትኩስ እንጀራ ሲታሸግ እንፋሎቱ ውስጥ ይቀራል፣ እርጥበቱም ሻጋታ ይጠራል። እናቶቻችን ሳይቀዘቅዝ ሞሶብ ውስጥ የማይከቱት ለዚህ ነው። ግን ስንት ሰዓት ይቀዝቅዝ? የሊጡ ኮምጣጣነት ምን ያህል ቢሆን ይሻላል? በምን ዓይነት እሽግ? ይህን የሚለካው ላቦራቶሪ ነው።

ስለ ግሉተንም ልጨምር። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ በዚህ አገር ሴሊያክ ያለባቸው ሰዎች ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን ጤፍ ውድ ነውና ስንዴ ወይም ገብስ የምንቀላቅል ሞልተናል፤ እንዲህ ያለውን «ከግሉተን ነጻ» ብሎ መሸጥ የሰው ሆድ ማሳመም ነው። በአውሮፓ ሕብረት ሕግ ያንን ቃል ለመጻፍ በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ጤፉ ንጹሕ ቢሆንም ስንዴ የነካው ማቡኪያ ሊያበላሸው ይችላል። ሳታስመረምሩ አትለጥፉ።

አሁን ወደ አመጣኝ ጉዳይ ልግባ። በግሮው ዲጂታል 3,000 ዩሮ የሚያወጣ ሥራ ቢፈቀድልሽ 1,500 ይመለስልሻል። የሚመለሰው ግን ሙሉውን ከከፈልሽ በኋላ ነው። ወረቀቱ ተፈቅዶላት 3,000ውን ስታጣ ጊዜው ያለፈባት እህት ከመካከላችን አለች። ስሟን አልጠራም፣ ራሷ ታውቃለች። ማይክሮፋይናንስ አየርላንድ ባንክ ፊት ለነሳቸው ትንንሽ ንግዶች ያበድራል፤ እሱም አንድ መንገድ ነው፤ ብድር የምትፈራ ግን ብዙ ናት።

እቁባችን አሥራ አምስት ሰው ነው፣ በወር 200 ዩሮ እንጥላለን፤ አንድ ዕጣ 3,000 ማለት ነው። በመጀመሪያ ያሰብኩት የፈቃድ ደብዳቤ የያዘች እህት ተራው ይቅደምላት ብዬ ነበር። የእቁቡ ዳኛ «የእናቷን መታከሚያ የምትጠብቀዋን ምን ልበላት?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ልክ ናት፤ እቁቡ ባለበት ይቆይ።

ስለዚህ ደጋፊዎቻችንን የምጠይቀው ሄዶ የሚመለስ 3,000 ዩሮ ነው። የፈቃድ ደብዳቤ ያላት እህት ትወስዳለች፤ ቫውቸሩ ሲከፈል 1,500ው ወዲያው ይመለሳል፤ ቀሪውን በወር 125 እየከፈለች በዓመት ትጨርሳለች። ከዚያ ለሚቀጥለዋ ይሰጣል። «ማመልከቻው ውድቅ ቢሆንስ?» ትሉኛላችሁ። ከፈቃድ በኋላ ውድቅ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የጎደለ ወረቀት ነው፤ ደረሰኝ፣ የባንክ መግለጫ። እያንዳንዱን ፋይል ከመግባቱ በፊት አብሬ አያለሁ። ያም ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ሙሉው 3,000 በእሷ ላይ ዕዳ ይሆናልና ከመውሰዷ በፊት ይህን ፈርማ ትውሰድ።

ሐሳቡን ኮሚቴው ዛሬ ይምከርበት። ቡናው እየፈላ ነው፤ እኔ ላፕቶፔን ይዤ በመስኮቱ በኩል እቀመጣለሁ። የምትሠሩበትን አድራሻና የንግድ ምዝገባችሁን ይዛችሁ ኑ፣ የየትኛው ቢሮ እንደሆናችሁ አብረን እናያለን።