የታሸገ ዕጣ በልጆቻችን ጨዋታ
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ቁማር ሲባል የሚታየን ካርታና ከረንቡላ ነው። ዛሬ ግን በልጆቻችን ጌም ውስጥም ገብቷል። ልጁ ኳስ ሲጫወት የታሸገ ፓኬት ይቀርብለታል። በገንዘብ ገዝቶ ሲከፍተው ታላቅ ተጫዋች ሊወጣለት ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ተራው ነው የሚወጣው። «እስቲ አንዴ ልድገም» ይላል።

በዚህ ጉዳይ መንግሥታትም ተከራክረዋል። የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 መርምሮ፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ ማግኘትና ማጣት አለ፣ ዕድል ይወስናል፤ ስለዚህ ቁማር ነው አለ። የፊፋ ጌም አምራችም በ2019 እዚያ አገር የፓኬት መግዣውን መሸጥ አቆመ። የሆላንድ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ግን በ2022፣ ፓኬቱ የችሎታ ጨዋታው ክፍል እንጂ ራሱን የቻለ ቁማር አይደለም ብሎ የ10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ሰረዘ።

እንግዲህ ሕግ አዋቂዎቹ አንድ ቃል የላቸውም። እኛ ወላጆች ግን እነሱ እስኪስማሙ አንጠብቅም። ከመክፈላችን በፊት ልጁን «ምን እንደሚደርስህ ታውቃለህ?» ብለን እንጠይቅ። «እንደ ዕድሌ ነው» ካለን እጃችንን እንሰብስብ። ጨዋታውን አንከልክል፤ ለዕጣው ግን አንክፈል።