ፈተና የሚለካውና የማይለካው
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845,000 ያህል ተማሪዎች መካከል ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 3.2 መሆኑ ነው። ውጤቱ እንደ ተሰማ «ትውልዱ ደነቆረ» የሚለው ፍርድ በየቡና ቤቱ ተሰጠ። ዳሩ ግን አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች በሙሉ አንድ ላይ ደነዝ ሆነው ተፈጠሩ ብሎ የሚያምን ካለ እጁን ያውጣ! ፈተናው የለካው የደረሳቸውን ትምህርት ነው፤ እርሱንም መለካቱ ተገቢ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ቁጥሩን የሰውየው ልክ ስናደርገው ነው።

ይህን ስሕተት እኛ አልጀመርነውም። አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1905 በፓሪስ የአእምሮ መለኪያቸውን ያወጡት በትምህርት ወደ ኋላ የሚቀሩትን ልጆች ለይቶ ለመርዳት ነበር። ቢኔ ራሱም የአእምሮ ዋናው ነገር ማመዛዘን እንደ ሆነ ጽፏል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን፥ በተለይም በአሜሪካ፥ መለኪያውን ሰው ሲወለድ ይዞት ለሚመጣ ማዕርግ ማስረጃ አደረጉት።

እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ጥናት ደግሞ በብራዚል፥ በረሲፌ ከተማ፥ በመንገድ ላይ የሚነግዱ ልጆችን ይመለከታል። ልጆቹ በገበያቸው ላይ ሲጠየቁ ከመቶ 98 ያህሉን ሂሳብ በትክክል መለሱ፤ ያው ስሌት በቁጥር ብቻ ሲቀርብላቸው ግን ከመቶ 37 ያህሉን ብቻ።

ረሲፌ ድረስ መሄድም አያስፈልገንም፤ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ እንውረድ። ማታ በሥራ መውጫ ሰዓት የታክሲው ረዳት ከኋላ ወንበር ለአራት ሰው የተላከለትን ብር ተቀብሎ፥ ሁለቱ ሳር ቤት ሁለቱ ጀሞ እንደሚወርዱ አስታውሶ መልሱን ያከፋፍላል። እርሳስ አያነሣም። ምናልባትም ካላለፉት አንዱ ነው።

ነገር ግን ረዳቱን ከልክ በላይ አናሞግስ፤ መልስ የሚረሳበትም ጊዜ አለ፥ የሚረሳውም ሁልጊዜ ለራሱ ጥቅም ነው! ፈጥኖ ማስላት ብቻውን ማስተዋል አይደለም። ቋንቋችን ብልጥን ከብልህ፥ ብልህንም ከአስተዋይ ይለያል። ብልጥ ለራሱ ያውቃል፤ አስተዋይ ግን የነገሩን መጨረሻ አይቶ ይናገራል። የተጣሉ ጎረቤቶችን የሚያስታርቁ ሽማግሎች የሚመረጡት ነጥባቸው ታይቶ አይደለም፤ ማን ቀድሞ ይናገር፥ መቼስ ዝም ይባል የሚለውን ስለሚያውቁ ነው። ይህን የሚጠይቅ የመልስ ወረቀት እኛ እስካሁን አላየንም።

«የተማረ ይግደለኝ» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ አስደስቶናል። ሕዝቡ ግን ይህን ያለው የተማረ ሰው ያስተውላል ብሎ አምኖ ነው። እኛ ፈተናውን ያለፍን ሰዎች ይህን እምነት በዲግሪ ብቻ የምንመልሰው ይመስለናል።

ስለዚህ ኅብረታችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። የሬሜዲያል ተማሪዎች ወደ ግቢያችን ሲመጡ እንደ እንግዳ አይታዩ፤ ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ በክበቦቹና በኮሚቴዎቹ ውስጥ ይምረጡ፥ ይመረጡ። ለማስጠናት ፈቃደኛ የሆንን ደግሞ ዛሬ ከዚህ ሳንወጣ ስማችንን ለጸሐፊው እናስመዝግብ።