ፀጉራችን ውሃ ይጠጣል ወይስ ይመልሳል?
(በእሁዱ ስብሰባችን ላይ ከተናገርኩት)

እህቶቼ፣ ስለ ፀጉር ላውራ ስል የደመወዝና የፓስፖርት ጣጣ እያለ ፀጉር ምን አመጣው ብላችሁ የሳቃችሁ አላችሁ። እኔ ግን ማዳም «ፀጉርሽ ምግብ ውስጥ ገባ፣ ቁረጪው» ብላ መቀስ ሰጥታኛለች። ያን ሌሊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ መቀሱን ይዤ አለቀስኩ እንጂ አልቆረጥኩትም፣ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ።

የሚረግፈውን ሳየው ከሥሩ አልተነቀለም፣ መሀሉ ላይ የተቀነጠሰ ነው። የጉሎ ዘይት ገዛሁ፣ እሱም ትራሴን ከማበላሸት በቀር ምንም አልፈየደ። በኋላ አገር ቤት ፀጉር ቤት ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ «መጀመሪያ ፀጉርሽን እወቂው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፀጉር ላዩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ልባስ አለው። ቅርፊቱ ግጥም ካለ ውሃ ቶሎ አይገባም። ከተከፈተ ወይ ከተላጠ ቶሎ ይገባል፣ ቶሎም ይወጣል፣ ፀጉሩም ይደርቃል።

የወደቀ ፀጉር ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉ፣ ከሰመጠ እንዲህ፣ ከተንሳፈፈ እንዲያ የሚሉ አሉ። ሦስቴ ሞክሬ ሦስቴም የተለያየ ሆነብኝ። ትንሽ ቅባት ከቀረበት ይንሳፈፋል፣ ቀጭንና ወፍራም ፀጉርም እኩል አይሆንም። እሱን ተዉት።

ይልቅ ፀጉራችሁን ታጥባችሁ ምንም ሳትቀቡ ይድረቅ። ከዛ ንጹህ ውሃ በመርጫ ነፋ ነፋ አድርጉበት (የመስታወት መወልወያ የነበረበትን መርጫ አደራ እንዳትጠቀሙ!)። ውሃው እንደ ጤዛ ላዩ ላይ ከቆመ ቅርፊቱ ግጥም ያለ ነው። ወዲያው ከጠፋ ክፍት ነው። ሥሩንና ጫፉን ለየብቻ ሞክሩ፤ የኔ ሥሩ ጤዛ ያዘ፣ ጫፉ ግን እንደ ደረቅ መሬት ጠጣው። ለምን ቢባል፣ ሻምፑ የሚገዛልኝ ስላልነበረ አንድ ዓመት ሙሉ በልብስ ሳሙና ታጥቤአለሁ። የልብስ ሳሙና ቅርፊቱን ይከፍተዋል። በዚያ ላይ ለበዓል ለበዓል ፒያስትራ!

ጤዛ የሚይዝ ፀጉር ያላችሁ ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ፣ ኮንዲሽነር ቀብታችሁ በፌስታል ሸፍናችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ። ዘይት ጥቂት፣ ቀለል ያለ። ቅቤ ለናንተ ላይ ላዩን ይቀራል። የሚጠጣ ፀጉር ያላችሁ ደግሞ ገና እርጥብ እያለ ቅቤውን ወይ የጉሎ ዘይቱን ጫፉ ላይ ቀቡ፣ ላላ አድርጋችሁ ተሠሩ፣ በሳቲን ሻሽ ተኙ። እሳት ግን በቃ።

የተላጠው ቅርፊት ተመልሶ አይበቅልም። እኔም በመጨረሻ ያንኑ መቀስ አንስቼ ጫፌን ሁለት ጣት ያህል ቆረጥኩ፣ ሌላውን አተረፍኩ።

ከሥሩ እየተነቀለ ወይም ክብ ክብ እየሠራ የሚረግፍባት ካለች ይሄ ሙከራ የሷን አይመልስም፤ ሐኪም ማየት አለባት። ለብቻዋ መሄድ ከፈራች ትንገረን፣ አብረናት እንሄዳለን።

በሉ፣ ዛሬ ታጥባ ያልተቀባች ማን ናት? ነይ፣ መርጫው ይኸው።